ቤት የለበሰ ቤት፦ ጋይንት ቤተ ልሔምና የቅርስ እድሳት ጥያቄ

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በጽሑፍ ሲነሡ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ወይ በድርቅ ወይ በጦርነት ነው። የዘመቻ ታሪክ ያወሳቸዋል፤ የእርዳታ እህል ሰነድ ይዘረዝራቸዋል። ስለ ኪነ ሕንፃ የሚጻፈው ጽሑፍ ግን ጎንደር ከተማ ደርሶ፣ የፋሲልን ግንብ ዞሮ አይቶ፣ ወደ መጣበት ይመለሳል። ይሁን እንጂ የአገሪቱ የዜማ ትምህርት ካርታ ቢሣል መካከሉ የሚያርፈው በእነዚሁ ደጋዎችና ቆላዎች ላይ ነው። የድጓ መምህር ምስክርነቱን የሚቀበለው በጋይንት ቤተ ልሔም ነው። የዝማሬና የመዋሥዕት መምህር የሚመሰከርለት በዚያው አካባቢ ባለው በዙር አምባ ነው። ቆማ የተባለው የዜማ ስልትም ስሙን ያገኘው የዐፄ ሱስንዮስ ባለቤት እቴጌ ወልደ ሥዓላ እስቴ ላይ ካስተከሏት ከቆማ ፋሲለደስ ነው። ቆማ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ዜማውን ነው፤ ሕንፃውን የሚያነሣ ጥቂት ነው። ድምፁ በመላው አገር ተሰማ፤ ቤቱ ግን እዚያው ቀረ ማለት ይቻላል።

ይህ ድምፅን አክብሮ ቤትን የመርሳት ልማድ በጉልህ የሚፈተነው በጋይንት ቤተ ልሔም ላይ ነው። ምክንያቱም ቤተ ልሔም የዜማ ቤት ብቻ ሳትሆን በኢትዮጵያ የሥነ ሕንፃ ታሪክ ውስጥ ብርቅ የሆነ ሥራ ናት።

እንግሊዛዊው ጸሐፊ ቶማስ ፓከንሃም በ1948 ዓ.ም. ገደማ በበቅሎ ተጉዞ ከዚህ ቦታ ሲደርስ ከሩቅ የታየው እንደማንኛውም የገጠር ደብር ያለ ክብ ቤት ነበር፤ በሣር የተከደነ፣ ጉልላት የተጫነበት። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የገባ ሰው ቅኔ ማኅሌቱን አልፎ ወደ መካከል ሲዘልቅ የሚጠብቀው የታወቀውን ባለ አራት ማዕዘን መቅደስ ነው። በቤተ ልሔም ግን ክቡ ቤት በውስጡ የያዘው ሌላ ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ተገኘ። ርዝመቱ ከወርዱ የሚበልጥ፣ በአክሱማውያን የአሠራር ባህል በድንጋይና በእንጨት የተገነባ፣ የመካከለኛው ዘመን ሥራ ነው። ጸሐፊው ይህንኑ «የራሴላስ ተራሮች» በተባለውና እ.ኤ.አ. በ1959 በታተመው መጽሐፉ ለውጭው ዓለም ነገረ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት የሚጽፉ ምሁራን የቤተ ልሔምን ስም ከደብረ ዳሞና ከይምርሐነ ክርስቶስ ጋር አያይዘው ያነሡት ጀመር። «ተገኘ» የሚለው ቃል በሥነ ጽሑፍ ሲለመድ ይገርማል። በየዓመቱ ከየአገሩ የሚጎርፈው የድጓ ተማሪ ቤቱን አንድ ቀን እንኳ አጥቶት አያውቅም። የቤቱን ዕድሜና ዓይነት በመለኪያና በሥዕል ለይቶ ማስቀመጥ ግን የተለየ ሙያ ነው፤ በዚህ በኩል የመጽሐፉ ውለታ የሚካድ አይደለም።

አሁን መታየት ያለበት ቁም ነገር የውስጠኛው ቤት ይህን ያህል ዘመን እንዴት ሊቆም ቻለ የሚለው ነው።

የአክሱም ባህል ግድግዳ ድንጋይ ብቻ አይደለም። ድንጋዩ በጭቃ እየተያያዘ ሲነሣ በየመደዳው ረዣዥም እንጨት በአግድሞሽ ይጋደምበታል፤ እነዚህን ረዣዥም እንጨቶች አጫጭር መስቀለኛ እንጨቶች ከውስጥ ወደ ውጭ ሰንጥቀው ይቆልፏቸዋል። የአጫጭሮቹ ጫፍ ከግድግዳው ወጥቶ ስለሚታይ ሕዝቡ «የዝንጀሮ ራስ» ይለዋል። የደጁና የመስኮቱ መቃን ደግሞ በአራቱም ማዕዘን ወፍራም ጉጥ አለው። የአክሱምን ሐውልቶች ያየ ሰው ይህንኑ በድንጋይ ተቀርጾ ያገኘዋል፤ ድንጋዩ የእንጨቱን መልክ መያዙ የሙያውን ሥር መስደድ ያሳያል። እንዲህ ያለ ቤት የመሬት መንቀጥቀጥንም የራሱን ክብደትም ይችላል። የማይችለው አንድ ነገር ነው፤ ውኃ። ዝናብ ወደ ግድግዳው ልብ ከሰረገ የተጋደመው እንጨት ይበሰብሳል፤ እንጨቱ ሲበሰብስ ጭቃው ይላላል፤ ግድግዳው ሆዱን ነፍቶ አንድ ክረምት ላይ ይናዳል። ውድቀቱ ከውጭ ከመታየቱ በፊት በውስጥ ያለቀ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ወገን የሆኑት ቤቶች እያንዳንዳቸው ከውኃ የሚጠለሉበት ብልኃት ያሻቸዋል። ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ ስለ ተሠራ የተፈጥሮ ጣሪያ አለው። ደብረ ዳሞ ከፍ ባለ አምባ ላይ ሜዳ ላይ የቆመ በመሆኑ ጊዜ ጎድቶት፣ በ1940 ዓ.ም. ገደማ እንግሊዛዊው የሕንፃ ባለሙያ ማቲውስ እስኪያድሰው ድረስ አደጋ ላይ ነበር። ጋይንት ደግሞ ዋሻ የለውም፤ ክረምቱም የደጋ ክረምት ነው። ስለዚህ ሕዝቡ ለጥንታዊው ቤት ዋሻ ሠራለት። ዋልታና ማገሩን አቁሞ፣ ወራጁን ከምሰሶው ላይ አሳርፎ፣ ሰንበሌጡን ደራርቦ ከድኖ፣ አሮጌውን ቤት በአዲስ ቤት አለበሰው። ይህ ሥራ ማንም የቅርስ ጥበቃ ብሎ ያልሰየመው የቅርስ ጥበቃ ነው። ደግሞም መጠለያ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ዙሪያውን የከበበው ክፍል ካህናቱ የሚቆሙበት፣ መቋሚያው የሚወዛወዝበት፣ ጸናጽሉ የሚሰማበት የአገልግሎት ቦታ ሆነ። መጠለያው ሥራ አገኘ፤ ሥራ ስላገኘም በየጊዜው የሚያድሰው ሰው አላጣም።

የላሊበላን ሁኔታ ከዚህ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የአንዳንዶቹ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ገጽ ውኃ እንዳያስገባ ተብሎ ተለሰነ፣ ቀለምም ተቀባ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኢጣሊያዊው የሕንፃ ባለሙያ ሳንድሮ አንጄሊኒ መጥቶ ያንኑ ሽፋን ማስለቀቅ ሥራው ሆነ። አንዱ አዳሽ የቀባውን ሌላው አዳሽ ሲፍቅ ድንጋዩ ሁለት ጊዜ ተጎዳ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አራት ግዙፍ መጠለያዎች በብረት ምሰሶ ላይ ቆሙ። ሲታቀዱ ለጊዜው ነው የተባሉ፣ ሲፈርሱም ቅርሱን እንዳይነኩ ተብለው የተነደፉ ነበሩ። ዝናቡን በእርግጥ ከልክለዋል፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ የከተማው ሕዝብ ክብደታቸው፣ ነፋስ ሲነሣ መወዛወዛቸውና ከቦታው መንፈስ ጋር አለመስማማታቸው አሳስቦት በ2011 ዓ.ም. በሰልፍ እስከ መውጣት ደርሷል።

ሁለቱም ቤት የለበሱ ቤቶች ናቸው። ልዩነቱ የቁሳቁሱ ዓይነት ብቻ አይደለም። የላሊበላው መጠለያ ሲላላ የሚያጠብቀው ሰው ከሩቅ መምጣት አለበት፤ ብረቱም፣ ሸራውም፣ ስሌቱም በሌላ አገር የተሠራ ነው። የጋይንቱ ልብስ ሲያረጅ የሚቀይረው ሰው ከደብሩ ማዶ ያለው ገበሬ ነው። የላሊበላው መጠለያ ለጎብኚም ለካህንም ምንም የማይሠራበት ጣሪያ ሲሆን፣ የቤተ ልሔሙ ግን በየሌሊቱ ማኅሌት የሚቆምበት ነው። የማይሠራበት ነገር የማንም አይሆንም፤ የማንም ያልሆነ ነገር ደግሞ ዘመኑ አጭር ነው።

በሙያው ዓለም ግን ይህንን ልብስ እንደ ጋራጅ፣ እንደ መጋረጃ የማየት ዝንባሌ አለ። ወደ ቤተ ልሔም የሚመጣ አዳሽ በመጀመሪያ የሚመኘው ጥንታዊው ቤት ፀሐይ ላይ እንዲወጣ፣ ፎቶግራፍ እንዲነሣ፣ «በመጀመሪያ መልኩ» እንዲታይ ነው። ምኞቱ ከውበት ፍቅር የመጣ ስለሆነ መጥፎ ሊባል አይችልም። ሆኖም የቬኒስ ሰነድ የተባለው የሙያው መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1964 ሲጸድቅ በአንድ ሕንፃ ላይ የየዘመኑ አስተዋጽኦ ሁሉ መከበር እንዳለበት፣ የአንድን ዘመን መልክ ብቻ ለማውጣት ሌላውን መግፈፍ ልዩ ምክንያት እንደሚጠይቅ ደንግጓል። ክቡን ቤት ገፎ አራት ማዕዘኑን ማሳየት ታሪክን መግለጥ ሳይሆን ታሪክን ከሁለት ከፍሎ ግማሹን መጣል ነው። በተግባርም ቢታይ በሁለተኛው ክረምት ውኃው ሥራውን ይጀምራል።

ሌላው ዝንባሌ በተቃራኒው በኩል የቆመ ነው። እርሱ አይገፍፍም፤ ይጭናል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የፋሲል ግቢ ግንቦች ሲጠገኑ ጥንት በኖራ የተያያዘው ድንጋይ ሲሚንቶ ተጨመረበት። ሲሚንቶ ከድንጋዩ ይልቅ ጠንካራ ነው፤ አይተነፍስም። በግድግዳው ውስጥ የገባ እርጥበት ቀድሞ በኖራው በኩል ይወጣ የነበረው፣ ሲሚንቶው ሲዘጋበት በድንጋዩ በኩል መውጫ ይፈልጋል፤ ድንጋዩም ገጹ እየተላጠ ይረግፋል። ግቢው እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ በኋላ ከተሠሩት ሥራዎች ጥሩዎቹ የሚባሉት ይህንኑ ሲሚንቶ እየፈለፈሉ ወደ ኖራ የተመለሱት ናቸው። ከጎንደር በስተ ደቡብ እንፍራዝ አጠገብ ኮረብታ ላይ ያለው፣ ዐፄ ሠርፀ ድንግል ከጎንደር መቆርቆር ቀደም ብለው ያሠሩት የጉዛራ ግንብም በዚያው የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ የሚገኝ በመሆኑ ትምህርቱ ለእርሱም ያገለግላል። ጥያቄው ትምህርቱ ከግንቦቹ ወደ ገጠር ደብሮች ወርዷል ወይ የሚለው ነው። አልወረደም። በገጠር ዛሬም ደብር «ታደሰ» ሲባል በአብዛኛው ሲሚንቶ ተለሰነ፣ ቆርቆሮ ተመታ፣ ቀለም ተቀባ ማለት ነው።

ስለ ቆርቆሮ ሲነሣ ሚዛን መጠበቅ ያስፈልጋል። ከተማ ተቀምጦ ለገጠሩ ሰው ሣር የሚመኝለት ምሁር ብዙ ነው፤ የእርሱ ቤት ግን በቆርቆሮ የተከደነ ነው። የጋይንት ገበሬ ሣሩን የተወው ውበት ስለማያውቅ አይደለም። ሰንበሌጥ የሚበቅልበት መስክ ታርሷል። የቀረውን ከብት ይፈልገዋል። ጽድና ወይራው ተመናምኖ በየጓሮው ባሕር ዛፍ ተተክቷል። ሣር በየጥቂት ዓመቱ መለወጥ አለበት፤ ሰደድ እሳት ወይም የጧፍ ፍንጣሪ ያሰጋዋል። ቆርቆሮ በአንድ በጋ ተመትቶ ያልቃል፤ ምእመኑም ገንዘቡ የት እንደ ዋለ በዓይኑ ያየዋል። የመኪና መንገድ ወደ ነፋስ መውጫና ወደ አርብ ገበያ ከዘለቀ ወዲህ ቆርቆሮው እስከ ደጃፍ ይመጣል፤ ሣሩ ግን በሸክም ነው። ይህን ሁሉ ሳይቆጥሩ «ሕዝቡ ቅርሱን አበላሸ» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ያም ሆኖ በዜማ ቤት ላይ የቆርቆሮ ጉዳይ የመልክ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በክረምት ሌሊት ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ከአጠገብ የቆመን ሰው ንግግር እንኳ ማድመጥ ይቸግራል። ሣር ግን ዝናቡን በዝምታ ይቀበለዋል፤ የሰውን ድምፅም መልሶ አያስተጋባም፣ አለዝቦ ያኖረዋል። በድጓ ትምህርት ርክርክን ከሂደት፣ ድፋትን ከቅናት ለይቶ መስማት የዓመታት ልምምድ የሚጠይቅ ነው። ይህ ትምህርት የተወለደውና ያደገው በሣርና በጭቃ ቤት ውስጥ ነው፤ የመምህሩ ጆሮ የተቃኘውም በዚያው ነው። የቤቱ ክዳን ሲለወጥ የቤቱ ድምፅ ይለወጣል። የኪነ ሕንፃው ሰው ይህንን ከዕቅዱ ላይ አያሰፍረውም፤ የዜማው ሰውም ስለ ክዳን ሲጠየቅ አይታይም። ሁለቱ ሙያዎች በአንድ ቤት ውስጥ እየኖሩ ተነጋግረው አያውቁም።

ቢነጋገሩ ኖሮ የኪነ ሕንፃው ሰው ከዜማው ሰው የሚማረው ትልቅ ነገር አለ። እርሱም ምስክር ነው።

በቤተ ልሔም አንድ የድጓ ተማሪ መምህር ነኝ ለማለት ድምፁ ማማሩ አይበቃውም። ድጓውን ከዳር እስከ ዳር ተምሮ፣ በእጁ ጽፎ፣ የጻፈውን ከመምህሩ ፊት አቅርቦ ያቀናል። አንድ ምልክት ከቦታው ከተሳተ ይታረማል። በየአገሩ ሲማር የኖረ ሰው ሳይቀር ወደዚህ መጥቶ ካልተመሰከረለት ሙያው እንደ ጎደለ ይቆጠራል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በተድባበ ማርያም የዜማውን ምልክት አደራጅተው ካቆሙት ወዲህ ይህ ሥርዓት ከአፍ ወደ መጽሐፍ፣ ከመጽሐፍ ወደ አፍ እየተመላለሰ ተጠብቋል። በግራኝ ዘመን ጦርነት መጻሕፍት ሲቃጠሉ ድጓው በቤተ ልሔም እንደ ተረፈ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይነገራል። የተረፈው መጽሐፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ዛሬ የሚያነበው ሰው ባልተገኘ። የተረፈው የማረም ልማድ ነው።

ይህንን ከቤቱ እድሳት ጋር ማነጻጸር ያሳፍራል። አንድ ድፋት ያለቦታው ያኖረ ተማሪ በሚታረምበት ደጀ ሰላም፣ አንድ ባሬላ ሲሚንቶ ያለቦታው ያፈሰሰ ሰው ይመሰገናል፤ ስሙም በምረቃው ቀን ይጠራል። ለድጓ ምስክር አለ፤ ለግድግዳ የለም። ለቅኔ መምህር አለ፤ ለክዳን የለም። የወራጅ አጣጣሉን፣ የማገር አጠላለፉን፣ ሣሩ ከጉልላቱ ሥር እንዴት እንደሚቋጠር የሚያውቀው ሽማግሌ ዕውቀቱን ለማንም ሳያስተላልፍ ያልፋል። ዕውቀቱ ዕውቀት ተብሎ አልተቆጠረማ! የአብነት ተማሪው የገዛ ጎጆውን በሣር ሠርቶ የሚኖር በመሆኑ ይህን ሙያ ከዜማው ጋር አብሮ ሲማር ኖሯል፤ ጎጆው በቆርቆሮ በተተካበት ቦታ ይህችም የመጨረሻ ትምህርት ቤት ትዘጋለች። ጎጆው ሲለወጥ የተማሪው ኑሮ መሻሻሉ ያስደስታል፤ የሚያሳዝነው ሙያው አብሮ ሲሄድ የት ደረሰ ብሎ የጠየቀ አለመኖሩ ነው።

ሕጉ በዚህ በኩል ግማሽ መንገድ ሄዷል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ማናቸውም የቅርስ ጥገናና እድሳት ከሚመለከተው ባለሥልጣን አስቀድሞ ፈቃድ እንዲያገኝ ያስገድዳል። ይህ ተገቢ ድንጋጌ ነው። ነገር ግን ፈቃድ የሚሰጠው ለዕቅድ ነው። ዕቅዱን በእጁ የሚፈጽመው ግንበኛና ከዳኝ ከየት እንደ ተማረ፣ ማን እንደ መሰከረለት የሚጠይቅ የለም። ወረቀቱ በአዲስ አበባ ይጸድቃል፤ ድንጋዩን በጋይንት የሚያነሣው ሰው የሚያውቀው ብሎኬት ነው።

በጃፓን በኢሴ የሚገኘው ቤተ መቅደስ በየሃያ ዓመቱ ከአሮጌው አጠገብ እንደገና ይሠራል፤ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2013 ተከናውኗል። እንጨቱ አዲስ ነው፤ ሙያው ግን ከሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። ሃያ ዓመት የተመረጠው ያለ ምክንያት አይመስልም፤ በመጀመሪያው ሥራ ላይ ዕቃ ሲያቀብል የነበረው ወጣት በሁለተኛው ላይ ሠሪ፣ በሦስተኛው ላይ አሠሪ ይሆናል። በፓሪስ የኖትር ዳም ካቴድራል ጣሪያ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲቃጠል ብረትና መስታወት ይደረግበት ያሉ ነበሩ፤ በመጨረሻ ግን በዋርካ የሚያህል የኦክ ግንድ በእጅ መጥረቢያ ተጠርቦ እንደ ጥንቱ ተሠራ፤ ካቴድራሉም በ2024 መጨረሻ ተከፈተ። ይህ የተቻለው ሕንፃው ከቃጠሎው በፊት ጥግ በጥግ ተለክቶ ስለ ነበረና መጥረቢያውን የሚያውቁ አናጢዎች ስለ ተገኙ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት ላይ ጋይንትን ባዳረሰ ጊዜ አንድ ጥንታዊ ደብር ቢቃጠል ኖሮ እንደገና ለመሥራት የሚያስችል ልኬትና ጠራቢ ከየት ይገኝ እንደ ነበር ማሰብ ያስፈራል።

ከሩቅ አገር ወደ እስቴ ሲመለሱም ምሳሌ አይጠፋም። ድልድይ ቤት አይደለም፤ ቢሆንም በእስቴና በጎጃሙ ሞጣ መካከል ዓባይን የሚሻገረው «ሰባራ ድልድይ» ስለ እድሳት ብዙ ያስተምራል። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራው ይህ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ አንዱ ቅስቱ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ የሁለቱ ዳር ሰዎች ለአሥርተ ዓመታት በገመድ እየተጎተቱ ተሻገሩበት። እ.ኤ.አ. በ2002 የተሰበረው ክፍተት በብረት ተቀጠለ፤ ገበያተኛው ተደሰተ። እ.ኤ.አ. በ2005 ግን ዓባይ ሞልቶ የተቀጠለውን ይዞት ሄደ። ከዚያ በኋላ የተወሰደው ውሳኔ ከሁሉም የተሻለ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2009 አዲስ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ከጎርፉ በላይ ከፍ ብሎ ተዘረጋ፤ አሮጌውም በስብራቱ ቀረ። ሰው መሻገሪያ አገኘ፤ ድልድዩም የማይችለውን ሸክም እንዲሸከም መገደዱ ቀረለት። አንዳንዴ ለቅርሱ የሚበጀው አዲሱን ጎኑ ላይ ሠርቶ አሮጌውን ማሳረፍ ነው።

ይህ ለቤተ ልሔም ምን ይላታል? ቤተ ልሔም የቆመች ሐውልት ሳትሆን የሚሠራባት ቤት ስለሆነች ማሳረፍ አይቻልም። ልብሷ ግን ሊለወጥ ይችላል፤ ሲለወጥም ኖሯል። ቆርቆሮ የግድ ከሆነ እንኳ ከውስጠኛው ቤት ጋር ሳይያያዝ፣ በራሱ ምሰሶ ላይ ቆሞ፣ ከሥሩ ድምፅና ሙቀት የሚያበርድ የሣር ወይም የሸምበቆ ድርብ ተደርጎለት ሊሠራ ይችላል። ውኃው ከመሠረቱ ርቆ እንዲወርድ ቦይ ሊቆፈር ይችላል፤ ይህ የሚጠይቀው ዶማ ብቻ ነው፤ ከብዙ ሚሊዮን ብር ልስን ይልቅም ይጠቅማል። ውስጠኛው ግድግዳ በጭቃና በኖራ እንጂ በሲሚንቶ እንዳይነካ ደብሩ ራሱ ሊወስን ይችላል፤ ለዚህ ፈቃድ ጠያቂ መሆን አያስፈልገውም። የክዳን አዋቂዎቹም ከመሪጌታዎቹ ጎን ተቆጥረው፣ ደመወዝ ተቆርጦላቸው፣ ሁለት ሦስት ወጣት ከሥራቸው ቢመደብላቸው ወጪው የአንድ የምረቃ በዓል ድንኳን ኪራይ ያህል አይሆንም። ጎንደር ላይ ደብረ ብርሃን ሥላሴ የሣር ክዳኗን እንደ ለበሰች የዓለም ቅርስ ሆናለች፤ ሣር ከክብር ጋር የማይስማማ ነው የሚለውን አስተሳሰብ እርሷ አፍርሳዋለች።

የሚቀረው ሣሩ ነው። ሰንበሌጥ የሚታጨደው ክረምቱ ወጥቶ፣ ዘሩን አራግፎ፣ አገዳው ሲደርቅ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ከታጨደ ይሻግታል፤ ከዚያ በኋላ ከብት ይረግጠዋል። አንድን ደብር ለመክደን የሚበቃ ሰንበሌጥ ለማግኘት ደግሞ ከማጨጃው ወራት አስቀድሞ፣ ሐምሌ ሳይገባ፣ ከደብሩ መሬት ላይ አንድ መስክ ተከልሎ ከእርሻም ከግጦሽም መጠበቅ አለበት።